«ይቺማ ጉሽ ናት!» – የቢራ ጉብኝት በጆሃንስበርግ

ጆሃንስበርግ የሚኖር አበሻ እንግዳ ሲመጣበት የሚወስድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ጄፒ ይወስደዋል። ክትፎውን አብልቶ፣ ቡናውን አስጠጥቶ «እዚህ ከሀገርህ አልወጣህም» ይለዋል። በማግሥቱ ሶዌቶ ወስዶ የማንዴላን ቤት ያሳየዋል። በሦስተኛው ቀን ግን «ዛሬስ የት ልውሰድህ?» እያለ ራሱን ማከክ ይጀምራል።

እኛንም ከዓመታት በፊት በእንግድነት የተቀበሉን ወዳጃችን በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ራሳቸውን አከኩ። ዕድሜያቸው ከእኛ ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉለሌ ተወልደው ያደጉ፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ በኬንያ በኩል አድርገው ደቡብ አፍሪካ የገቡ፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና «የቢራ ታሪክ የሚያሳዩበት ቦታ አለ። ዞራችሁ ስትጨርሱ ሁለት ሁለት ቢራ ይጋብዟችኋል» አሉን። ቢራ ሲጋበዝ የሚያንገራግር አበሻ መቼም አላየንም። ተነሣን። ቢራው ከመግቢያው ዋጋ ጋር ተደምሮ የታሰበ መሆኑ የገባን በር ላይ ስንደርስ ነው!

ውድ አንባቢያን፣ የሄድነው ቢራ ለመቅመስ እንጂ ጽሑፍ ለመጻፍ አልነበረም። ከዚያ ቤት ይዘነው የወጣነው ነገር ግን ከቢራ ይልቅ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መንግሥትና ስለ እናቶች ሆነና እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልጠፋም። ስለዚህ ልናካፍላችሁ ወደድን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወርቅ ከተማ ቢራ

ኒውታውን የሚባለው ሰፈር ከጄፒ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ቢያስኬድ ነው። ማርኬት ቴአትርና ሙዚየም አፍሪካ የሚገኙት እዚሁ ነው። የደቡብ አፍሪካ ቢራ ጠማቂዎች ኩባንያ፣ በአጭር ስሙ ሳብ፣ ወርልድ ኦፍ ቢር ያለውን የቢራ ሙዚየም በዚህ ሰፈር የከፈተው በ1995፣ የተመሠረተበትን መቶኛ ዓመት ሲያከብር ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር።

አስጎብኚያችን ጨዋታ አዋቂ የሶዌቶ ልጅ ነበረች። ከጥንቷ ሜሶፖታሚያና ከግብፅ ጀምራ ቶሎ ቶሎ እያራመደች ወደ ራሷ ከተማ አመጣችን። በ1886 እዚህ ሜዳ ላይ ወርቅ ተገኘ። ሰው ከዓለም ዙሪያ ጎረፈ። ድንኳን ተተከለ፣ ከድንኳኑ ቀጥሎ መጠጥ ቤት ተተከለ። ወርቅ ቆፋሪ ጉድጓድ ውስጥ ሲውል ይጠማል፤ ያኔ ለጥሙ ይሸጥለት የነበረው ግን አንጀት የሚያቃጥል ርካሽ አረቄ ነበር። በዚህ መሐል ቻርልስ ግላስ የተባለ ሰው ካስል የተባለውን ቢራ ይዞ ብቅ አለ። ቢራው ተወደደ። ሳብ በ1895 ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በጆሃንስበርግ አክሲዮን ገበያ የተመዘገበ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ኩባንያ ለመሆን በቃ።

የቻርልስ ግላስ ስም በካስል ቢራ ማስታወቂያ ላይ ሲነሣ ኖሯል። ነገሩን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ቢራውን ትጠምቅ የነበረችው ሚስቱ ሊሳ ናት፤ እሱ እየዞረ ይሸጥ ነበር ይላሉ። ይህን ለጋሼ ስንነግራቸው ምንም አልገረማቸውም።

«ጠማቂዋ እሷ፣ ስሙ የሱ! ይሄ እኮ የትም ሀገር ያለ ነው» አሉና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ከሸክላው የተቀመሰው

ቀጥሎ የገባንበት ክፍል የአፍሪካ ባህላዊ አጠማመቅ የሚታይበት ነበር። ኡካምባ የሚሉት ጥቁር የሸክላ ዕቃ ተቀምጧል። በውስጡ ያለው ኡምቆምቦቲ ይባላል። የሚሠራው ከማሽላ ብቅል፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከውሃ ነው። ዱቄቱ እንደ ገንፎ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብቅሉ ይጨመርበታል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይፈላል፤ ከዚያም ከሣር በተሠራ ማጥለያ ይጠለላል። ቀለሙ ቡናማ፣ ጣዕሙ መጣጣ፣ ወፈር ያለ ነው። ልጅቷ እንዳስረዳችን በባህላቸው መጀመሪያ የምትቀምሰው የጠመቀችው ሴት ራሷ ናት፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት። ከዚያ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተራ በተራ ይጎነጫሉ።

ጋሼ ሳቁ። የቀኝ መዳፋቸውን አጎድጉደው አሳዩአት። «እኛም ሀገር እንዲሁ ነው። አሳላፊዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም» ብለው በእንግሊዝኛም በምልክትም ነገሯት። ተራቸው ሲደርስ አንዴ ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው፦

«ይቺማ ጉሽ ናት!»

ሌሎቹ ጎብኚዎች ደንግጠው ዞሩ። ጋሼ ሁለተኛ ጎንጨት አሉና ፍርዳቸውን አስተካከሉ። «ጌሾ የላትም እንጂ።»

ያን ዕለት ነው የጋሼ እናት ጠላ ነጋዴ እንደነበሩ ያወቅነው። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ አንሥተውልን አያውቁም። በጉለሌው ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ጠላ መድረሱን የሚያበስር ጣሳ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይቆም ነበር። ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን የልጆች ሥራ ነው። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማስጣት፣ አሻሮ መቁላት የእናት ነው። ጥንስሱ፣ ድፍድፉ፣ ከዚያ ጠላው፣ በመጨረሻም ለድሃው ቅራሪው። «ስድስት ልጅ በአንድ ጋን አሳደገች። የትምህርት ቤት ደብተራችን ሁሉ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር» አሉን። አስጎብኚዋ ምን እንደሚሉ ጠየቀችን፤ ተረጎምንላት። ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «የኔም አያት እንደዚሁ ናት። የሷ ግን ወንጀል ነበር» አለች።

የተቀበረው ጋን

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ሕዝብ የፋብሪካ ቢራ፣ ወይንም ሆነ አረቄ ገዝቶ እንዳይጠጣ በሕግ ተከልክሎ ኖሯል። የ1928ቱ የመጠጥ ሕግ ክልከላውን በመላ ሀገሪቱ አጠናከረው። ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ በርሜል የሚያንከባልለው፣ ገብሱን የሚሸከመው ጥቁር ሠራተኛ ያመረተውን ካስል መግዛት አይችልም ማለት ነው። እሺ፣ የራሱን ኡምቆምቦቲ ይጠጣ ቢባል እሱም ችግር አለው። በ1908 የናታል ግዛት ባወጣው ሕግ መሠረት የደርባን ማዘጋጃ ቤት የማሽላ ቢራን ራሱ ብቻ ጠምቆ ለጥቁሮች የመሸጥ መብት ያዘ። አሠራሩ «የደርባን ሥርዓት» ተባለ። ሌሎች ከተሞችም ቀዱት፤ ጆሃንስበርግም በ1930ዎቹ መጨረሻ የራሷን የቢራ አዳራሽ ከፈተች። ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን እንዲሸጥ ከተፈለገ ደግሞ የእናቶች ጋን መሰበር ነበረበት።

ፖሊስ በየጓሮው መሬቱን በብረት እየወጋ የተቀበረ ቢራ ይፈልግ ነበር። ሲያገኝ መንገድ ላይ ይደፋዋል፤ ሴትየዋን ያስራል፣ ይቀጣል። እነሱም መቅበሩን አልተዉም። ሺቢን የሚባሉት የጓዳ መጠጥ ቤቶች የተፈለፈሉት በዚህ መንገድ ነው፤ ባለቤቶቻቸው «የሺቢን ንግሥቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ሙዚየሙ ውስጥ የሶዌቶ ሺቢን አምሳያ ተሠርቶ ይታይ ነበር። ያ ቤት አንድ ዘመን ያስያዘ የነበረ ቤት ነው!

ጋሼ እዚህ ክፍል ውስጥ ብዙ አልተናገሩም። የጥገኝነት ወረቀታቸው ከኪሳቸው ተለይቷቸው አያውቅም፤ ድሮ ጥቁሩ የከተማ ነዋሪ የይለፍ ደብተሩን ይዞ ይዞር እንደነበረው ማለት ነው። በሜይ 2008 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ሁከት 62 ሰዎች ሲገደሉ የሳቸውም ሱቅ ተዘርፏል። የተረፈውን ዕቃ ያተረፈችላቸው ጎጎ የሚሏት አሮጊት ጎረቤታቸው ነች። ድሮ የቢራ በርሜል ከፖሊስ ትደብቅበት በነበረው የጓሮ ክፍል ውስጥ የሳቸውን ዘይትና ዱቄት ደበቀችው። «መደበቅ ታውቅበታለች» ነው ያሉን ጋሼ።

ገንዘቡ የት ይገባል?

ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ ያነበብነው ታሪክ ነው የበለጠ ያስደነቀን። ማዘጋጃ ቤቶቹ ከማሽላ ቢራ ያገኙት ትርፍ የት ገባ? ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ተቀምጦ የጥቁሮች ሰፈር ማስተዳደሪያ ሆነ። የወንድ ሠራተኞች ማደሪያ ተሠራበት፤ ሎኬሽኑን የሚቆጣጠሩት ሹማምንትና የማዘጋጃ ቤት ፖሊሶች ደመወዝ ተከፈለበት። ባጭሩ ሰውየው ሲጠጣ የጠባቂውን ደመወዝ እየከፈለ ነበር። ነጭ ግብር ከፋይ ስለ ጥቁሩ ሰፈር ሳንቲም እንዳያወጣ የተበጀ ዘዴ!

ይህን ስሌት ቀድመው የደረሱበት ፊደል የቆጠሩት አይደሉም። ሴቶቹ ናቸው። በ1929 በናታል ከተሞች ሴቶች ዱላ ይዘው የቢራ አዳራሾችን ወረሩ፤ ደርባን ላይም ሠራተኛው ያለመጠጣት አድማ መታ፣ ግጭት ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በጁን 1959፣ የደርባኗ ኬቶ ማኖር ሴቶች እንደገና ተነሡ። አዳራሹ ውስጥ ገብተው ጠጪዎቹን ወንዶች እየገረፉ አስወጡ፤ ቢራውን ደፉ። እንደ ዶሮቲ ንዬምቤ ያሉ የትግል ሴቶች ስም ከዚህ ጋር ይነሣል። ጥያቄያቸው የገባው ይገባዋል፦ እኛ በጋናችን ልጅ እናሳድግ ነበር፤ እናንተ ጋኑን ሰብራችሁ የባላችንን ደመወዝ ለራሳችሁ አደረጋችሁት፤ ልጁ ምን ይብላ?

በ1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኦገስት 1962 መንግሥት ጥቁሮች የፋብሪካ መጠጥ እንዲገዙ ፈቀደ። ቢራ ፋብሪካዎችና ወይን አምራቾች ገበያው እንዲከፈትላቸው ሲወተውቱ ኖረዋልና ደስታው የነሱም ነበር። አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው የተመለሱት ኔልሰን ማንዴላ የተያዙትም በዚያው ወር ነው። ቢራው ተፈታ፣ ሰውየው ታሰሩ። በጁን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ሲነሡ ካቃጠሏቸው ቤቶች መካከል የቢራ አዳራሾችና የመንግሥት መጠጥ መሸጫዎች ይገኙበታል። ልጆቹ የአባቶቻቸው ደመወዝ የሚቀርበት ቦታ የት እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

እኛስ?

ጉብኝቱ አበቃና የተባሉት ሁለት ሁለት ቢራዎች መጡልን። የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛ ካስል። እውነቱን እንናገር፤ ጥሩ ቢራ ነው። ጋሼ ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው እያዩ «ለመሆኑ የኛ ጊዮርጊስ ዛሬ የማነው?» ብለው ጠየቁ።

የዚያን ዕለት የመለስንላቸው በደፈናው ነበር። ዛሬ ሒሳቡን አሟልተን እንንገራቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1922 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ ነው። ደርግ ወረሰው። በ1998 ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተሸጦ በቢጂአይ ሥር ገባ። (ካስቴልና ካስል ይምታታሉ፤ አንዱ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ሌላው የጆሃንስበርግ ቢራ ነው።) በ2011 የሆላንዱ ሃይነከን በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2012 የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ በ2022 ደግሞ ለቢጂአይ አሳልፎ ሸጠው። ሳብም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለም። በ1999 ወደ ለንደን አክሲዮን ገበያ ዞሮ፣ በ2002 የአሜሪካውን ሚለር ገዝቶ ሳብሚለር ከተባለ በኋላ በ2009 ወደ አምቦ ውሃ ባለቤትነት ገባ። በ2016 ደግሞ እሱ ራሱ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ አንሃይዘር ቡሽ ኢንቤቭ በተባለው ግዙፍ ኩባንያ ተዋጠ። የጆሃንስበርጉ የወርቅ ቆፋሪዎች ቢራ የሚታዘዘው ዛሬ ከቤልጅየም ነው።

ፋብሪካ ለውጭ ኩባንያ መሸጡ በራሱ ኃጢአት ነው አላልንም። አዳዲስ ፋብሪካ ተተክሏል፣ ሥራ ተፈጥሯል፣ የቢራ ገብስ የሚዘራ ገበሬም ገበያ አግኝቷል። የምንለው ሌላ ነው። እኛ በስደት የምንኖር ሰዎች ብርጭቆ በጨበጥን ቁጥር ስለ ሀገር እንጨቃጨቃለን፤ ብርጭቆው ውስጥ ስላለው ግን አንጠይቅም። ጠየቅን የምንለውም የራሳችንን ሰው ለመምታት ስንፈልግ ነው። በ2014 መግቢያ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ሊደግፍ ነው ሲባል አንዱ ወገን «በደሌን አንጠጣም» አለ፤ ኩባንያው ድጋፉን ሲያነሣ ደግሞ ሌላው ወገን በተራው ተቆጣ። ማን ትክክል እንደነበረ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወው። አንድ ነገር ግን ተረጋገጠ፦ ተባብሮ ያልጠጣ ጠጪ ትልቁን ኩባንያ ያስደነግጣል። ታዲያ ይህ ኃይላችን ለገብስ አምራቹ ዋጋ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛው ደመወዝ ስንት ጊዜ ዋለ? እስኪ በየኅሊናችን እንመልሰው።

የኬቶ ማኖር ሴቶች የተነሡት በዘፋኝ ምክንያት አልነበረም። ስለ ጋናቸው ነው የተነሡት። የኛዋ ጠላ ነጋዴስ? ስንቱ ሚኒስትር፣ ስንቱ ጄኔራል፣ ስንቱ ታጋይና ስንቱ ስደተኛ በጠላና በአረቄ ገንዘብ ተምሮ ወጥቷል! በየመድረኩ የተማርንበትን ዩኒቨርሲቲ ስንጠራ እንውላለን፤ ጋኑን ግን አንጠራም። ጋሼ እንኳ በዚያ ሁሉ ዓመት አላነሡልንም ነበር። ያነሡት የሰው ሀገር ማሰሮ ቀምሰው ነው።

የጎጎ አጥር

በማግሥቱ ጋሼ ሱቃቸውን ሊያሳዩን ሎኬሽን ወሰዱን። ጎጎን አገኘናት። ወንበር አውጥታ ደጇ ላይ ተቀምጣለች፤ ተነሥተን በሁለት እጃችን ጨበጥናት። ከአጥሯ ጥግ ላይ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ ቁጥቋጦ ቆሟል። ጋሼ አንድ ቅጠል በጥሰው ሰጡን። «አሽቱና አሽትቱት» አሉ።

ጌሾ ነው!

እውነት መስሎን አልነበረም፤ በኋላ አጣርተናል። አፍሪካንስ ተናጋሪዎቹ ብሊንክብላር፣ አብለጭላጭ ቅጠል እንደማለት፣ የሚሉት የደቡብ አፍሪካ ዛፍ የኛው ጌሾ ነው፤ ዘሩ አንድ ነው። በዱር ይበቅላል፣ በከተማም ለአጥር ይተከላል። እነሱ ግን ቢራ አይጠምቁበትም። ከመብረቅና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ብለው ነው በየቤታቸው የሚተክሉት። ጎጎም ለዚሁ ነው የተከለችው።

ጋሼ ከዚያ አጥር ቅጠል እየለቀሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ በፕላስቲክ በርሜል ጠላ ይጠምቃሉ። ወይራ ስለማያገኙ አያጥኑትም። የመጀመሪያውን ጣሳ የሚወስዱት ለጎጎ ነው፤ በመዳፋቸው ቀምሰው ይሰጧታል። ስለ ጣዕሙ ምን እንደምትል ጠየቅናቸው።

«ይመርራል ትላለች» አሉ ጋሼ። «ግን ጣሳውን ባዶ አድርጋ ነው የምትመልስልኝ።»

ቸር ይግጠመን!